ሰባተኛው ምስል

የፊልሙ ቆርቆሮ ገና ሲከፈት ክፍሉን የአቼቶ ሽታ ሞላው። ወርቅቱ ክዳኑን ቶሎ መልሳ ገጠመችው፤ ነገሩን ግን አፍንጫዋ ቀድሞ አውቆታል።

«ምነው ወርቄ፣ ሰላጣ ልትሠሪልን ነው?» አለ ለታ በሩ ላይ ቆሞ።

ለታ የቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ሰው ነው። ይህን ክፍል አስለቅቆ ኮምፒውተር ሊደረድርበት ሦስት ዓመት ለምኗል፤ የፊልሞቹ ጠባቂ ወርቅቱም ሦስት ዓመት እንቢ ብላዋለች። ስለዚህ ሲቀላለዱ እንኳ ቀልዱ ውስጥ ትንሽ አሸዋ አይጠፋም።

«መስኮቱን ክፈትልኝ» አለችው። «ከዚያ እጅህን በደንብ ታጠብና ና። ዛሬ ታስፈልገኛለህ።»

ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው የፖሊስ መርማሪው ኢንስፔክተር ቡልቻ ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ሁለተኛው ከጢቾ ወዲያ ካለችው ከጉሬ ኪዳነ ምሕረት የመጡት መሪጌታ እንደሻው ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። ጥምጥማቸው በሰኔ ዝናብ ርሷል፤ ሁለት እጃቸውን በዱላቸው እጀታ ላይ ደራርበው ቆርቆሮውን ብቻ ያያሉ።

«አዴ ወርቅቱ፣ ችግር አለ?» አለ ቡልቻ።

«ፊልሙ ታሟል።»

«ታሟል ስትይ… ሞቷል ማለትሽ ነው?»

«ገና አላየሁትም። ችሎቱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት። አሁን ሦስት ከሩብ ሆኗል።»

ጉዳዩ የጀመረው ከወር በፊት ነው። ኬላ ላይ አንድ መኪና ሲፈተሽ ከዲክሲስ ከተጫነ ገብስ ሥር፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የብራና መጽሐፍ ተገኘ። የመኪናው ባለቤት ወንደሰን የሚባል ነጋዴ «የአያቴ ነው፤ ከአባቴ ወረስኩት» አለ። የጉሬ ሰዎች ደግሞ በጥር ወር ከዕቃ ቤታቸው የጠፋው መጽሐፍ ይህ ነው አሉ። ክርክሩ ቀላል ይመስል ነበር፤ ግን መጽሐፉን የወሰደው ሰው ሥራውን ያውቃል። የደብሩ ስም የተጻፈባቸውን የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ከሥራቸው ቆርጦ አውጥቷቸዋል። ሽፋኑንም ለውጦታል። አሁን መጽሐፉ የሚጀምረው ከእመቤታችን ሥዕል ነው። ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጠ፤ ዛሬ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ማስረጃ ካልቀረበ መጽሐፉ ለወንደሰን ይመለሳል። ለወንደሰን ከተመለሰ ደግሞ በዚህ አገር ዳግመኛ የሚያየው ሰው አይኖርም።

ፊልሙን ያስታወሱት መሪጌታ ነበሩ። በ1965 ዓ.ም.፣ እሳቸው ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ዲያቆን ሳሉ፣ ካሜራና ጄነሬተር የጫነ ላንድሮቨር ጉሬ ድረስ መጥቶ ነበር። ሰዎቹ የብራና መጻሕፍትን ገጽ በገጽ እያነሱ ወደ ማይክሮፊልም ይገለብጡ ነበር። በዚያን ዘመን የነበረው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ መጽሐፉ በእሳትም፣ በምስጥም፣ በሌባም ቢጠፋ ግልባጩ ይቀራል። ዋናው ፊልም ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ አንድ ግልባጭ አዲስ አበባ፣ አንድ ግልባጭ ደግሞ እዚህ አሰላ ቀረ። ባለሙያዎቹ ፊልሙ መቶ ዓመት ይኖራል አሉ። ልብሱን ሳያጥፍ ሻንጣ እንደሚዘጋ መንገደኛ፣ ስለ ማስቀመጫው ክፍል ግን ብዙ አላሰቡም። ጥቅሎቹ መጀመሪያ በትልቁ አዳራሽ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ኮሪደር፣ በመጨረሻም ወደዚህ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ወጡ። አሰላ ብርዳም ናት፤ ግን የበጋ ፀሐይ ቆርቆሮ ሲያገኝ አይምርም። ማንበቢያ ማሽኖቹ ከሦስት ወደ አንድ፣ አንዱም ወደ አንድ አምፖል ወረዱ። የአዲስ አበባው ግልባጭ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ወደ ውጭ የተጻፈው ደብዳቤ መልሱ «ስድስት ሳምንት ይጠብቁ» የሚል ነበር።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ አሰላው ቆርቆሮ መጣ። መሪጌታ የዛሬ ሁለት ሳምንት ከኢንስፔክተሩ ጋር ሲመጡ ወርቅቱ ከመሳቢያዋ አንዲት ካርድ አውጥታ አንብባላቸው ነበር፦ «ጥቅል 14። ጉሬ ኪዳነ ምሕረት። ምስል 7፦ የእመቤታችን ሥዕል። ታይቷል።» ቡልቻም በዚያ ተማምኖ ለዳኛዋ «የሥዕሉ ፎቶግራፍ አለን» ብሎ ቃል ገባ። ወርቅቱ በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዋ ካርዷን ያመነ ሰው አላፈረም። ጥቅሉን ግን ያን ቀን አልከፈተችውም፤ ከካርዱ በቀር ሌላ ነገር የጠየቃት አልነበረም።

ጓንቷን አደረገች። የበሰበሰ ፊልም ጠባዩን ታውቃለች፦ ሲሸት ተኮማትሯል፤ ሲኮማተር ይደርቃል፤ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አስገድደህ ብትስበው ምስሉ ከፕላስቲኩ ይላጥና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በእጅህ ይቀራል። ማሽኑ ላይ ብታደርገው ሁለቱ መስታወቶች ይሰብሩታል። ስለዚህ ማሽኑን ተወችው። በመስኮቱ ብርሃን፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በዓይኗና በማጉያ መነጽሯ ልትሠራ ወሰነች።

«ማንም እንዳይነጋገር አልልም» አለች። «ጠረጴዛውን ግን ማንም አይንካ።»

የመጀመሪያው ዙር በቀላሉ ወጣ። ምስል አንድ፦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ የተጻፈ የደብሩ ስምና ቁጥር፤ በጠርዙም በየምስሉ አብሮ የሚነሳ ማስመሪያ። ምስል ሁለት፦ የድሮው ሽፋን። ሦስት፣ አራት፦ ጽሑፍ። ወርቅቱ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እጇን አንስታ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች፤ ፊልሙ አየር ያገኛል፣ እሷም።

«የጴንጤ ልጅ ለእመቤታችን ስትደክም አየሁ» አሉ መሪጌታ በቀስታ። ድምፃቸው ቀልድ ቢሆንም ፊታቸው አልቀለደም።

«አባቴ፣ እኛ ሥዕል አንስምም፤ ቆጥረን ማስቀመጥ ግን እንችላለን።»

«አያትሽ የደብራችንን መሬት ያርሱ ነበር አሉ።»

«ያርሱ ነበር። ሲሶውን ለደብሩ እየሰጡ።»

«እንግዲህ…» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲህማ፣ ሲሶው በስንት ድካም እንደተገኘ ስለማውቅ ነው መጽሐፉ ገብስ ሥር ተደብቆ እንዲሄድ ያልፈለግሁት» አለች ዓይኗን ከፊልሙ ሳታነሳ። ለታ ፈገግ አለ፤ ቡልቻም ሰዓቱን ማየት ለአፍታ ተወ።

ምስል አምስት ላይ ፊልሙ «ጭር» የሚል ድምፅ አሰማ። ወርቅቱ ከቀንድ የተሠራች ቀጭን መላጫዋን በሁለቱ ዙሮች መካከል አስገብታ እንደ እንቁላል አስኳል ቀስ ብላ ለየቻቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። መብራት ሄደ፤ ማንም ልብ አላለውም። አምስት ተኩል ሲሆን ምስል ስድስት ወጣ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ በድንገት፣ «ይብቃሽ። ደክሞሻል።»

«አንድ ነው የቀረው፣ አባቴ።»

«ባይከፈትስ? በቃልሽ ብትመሰክሪ? ሥዕሉ እንዳለ ካርዱ ይናገር የለ።»

ወርቅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ዓይናቸውን ከፊልሙ አሸሹ። አዝነውልኝ ነው ብላ አለፈችው። ምስል ሰባትን ለየችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

መጀመሪያ ሻጋታ መሰላት። ገጹ ላይ መሆን ያለበት የሴት ፊት፣ የሕፃን እጅ፣ የመላእክት ክንፍ ነው፤ ያለው ግን ግራጫ ነገር ብቻ። ማጉያውን አስጠጋች። ግራጫው ነገር መስመር አለው። መስመሮቹ በአግድምና በቁም ይተላለፋሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።

ድርና ማግ።

«ጨርቅ ነው» አለች።

«ምን?» አለ ቡልቻ።

«ሥዕሉ አልተነሳም። በላዩ መጋረጃ አለ። ካሜራው ያነሳው መጋረጃውን ነው።»

ማንም መሪጌታን እዩ አላለም፤ ሦስቱም ግን እሳቸውን አዩ። ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

«አላነሳሁትም» አሉ። «ገጹን የምገልጠው እኔ ነበርኩ። መጋረጃው የሚነሳው በበዓል ቀን ነው፤ ቄሱ፣ ጧፍ አብርተው፣ ሕዝቡ ቆሞ። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ዲያቆን ነኝ። ሰውየው ካሜራው ላይ ሆኖ ‹አንሳው› አለኝ። ጄነሬተሩ ሲንተፋተፍበት ዞር አለ። እኔም ከነመጋረጃው ይዤ ቆየሁ። ተመልሶ ቁልፉን ተጫነ። አለፈ።»

«ሳያይ?» አለ ለታ።

«ጠዋት የጀመረ ሰው ነው፤ የሚያየው ቁጥሩን ነበር።» መሪጌታ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ደግሞም… እንዳትስቁብኝ። ያን ዓመት እናቴን ደረቷን አሟት ሆስፒታል ራጅ አስነስቻት ነበር። ሐኪሙ ልብሷን ሳታወልቅ አጥንቷን ቆጠረው። የመንግሥት ካሜራ ከነልብሱ ያያል ብዬ አመንኩ። እናንተ ካርዱን ‹ሥዕል፣ ታይቷል› ብላችሁ ስታነቡልኝ ደግሞ፣ ‹ለካ እውነት አሳልፎ አይቶታል!› አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮውን ሳየው ነው የፈራሁት።»

ቡልቻ ተነሣ፤ ከመስኮቱ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

«እና ለዳኛዋ ምን ልበል? ጨርቅ አገኘን ልበል? ፎቶው አለ ብዬ ቃል ገብቻለሁ! ካርዱ ታይቷል ይላል። ማነው ያየው?»

ወርቅቱ ካርዷን አነሳች። ማየት አላስፈለጋትም፤ ጽሑፉን ታውቀዋለች። ሥራ በጀመረችበት በ1990 ዓ.ም.፣ ከላንድሮቨሩ ሰዎች ከቀረ የገጽ ዝርዝር ስድሳ ጥቅል በሁለት ሳምንት ወደ ካርድ ገልብጪ ተብላ ነበር። የመጨረሻው ዓምድ «ታይቷል / አልታየም» ይላል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ጥቅሎች በማሽኑ አየች። ጊዜው ሲያጥር የቀሩትን አርባ ስምንቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ብዕር፣ «ታይቷል፣ ታይቷል፣ ታይቷል» እያለች ጨረሰች። ጥቅል 14ን ከዚያ ወዲህ አንድም አንባቢ ጠይቆት አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች። «አላየሁትም። አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ።»

ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። ወርቅቱ ለማፈር ጊዜ እንደሌላት አሰበች፤ ማፈር ነገም ይደርሳል። ሃያ ሰባት ዓመት ዘግይታ ምስል ሰባትን ልታይ ጎንበስ አለች።

አሁን ሥዕሉን አልፈለገችም። ያለውን ነገር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች አየችው። ጨርቁ ቀጭን ነው። የታችኛው ጠርዝ የተቀዳደደ። የላይኛው ጠርዝ በብራናው አናት ላይ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ስፌቱን ቆጠረች። ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረች። ዘጠኝ። አምስቱ በግራ፣ አራቱ በቀኝ ናቸው፤ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አለ። ሰፊው ሰው አንድ ነገር ዘሎ ያለፈ ይመስላል።

«ኢንስፔክተር፣ መጽሐፉ አሁን መጋረጃ አለው?»

«የለውም። ባዶ ሥዕል ነው።»

«ወንደሰን ስለ መጋረጃ ምን አለ?»

ቡልቻ መዝገቡን አገላበጠ። «ይኸው። ‹መጽሐፉ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ መጋረጃም ምንም ተሰፍቶበት አያውቅም።› ፈርሞበታል።»

«ከሥዕሉ በላይ፣ በብራናው ጠርዝ ላይ፣ ቀዳዳ አለ?»

«እኔ… ሥዕሉን ነው ያየሁት። ጠርዙን አላየሁም።»

«ዛሬ ሁላችንም አንድ በሽታ ነው ያለብን» አለ ለታ። ቡልቻ ገላመጠው፤ ከዚያ ሳይፈልግ ሳቅ አመለጠው።

ወርቅቱ መስመር የተሰመረባትን ትንሿን ማጉያ አወጣች። በምስሉ ጠርዝ ያለውን ማስመሪያ ለካች፤ ከዚያ ከስፌት እስከ ስፌት ያለውን ርቀት በዚያው ማስመሪያ መጠን አሰላች። ሦስት ጊዜ ለካች። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር ሲስማማ በዘጠኙ ስፌት መካከል ያሉትን ስምንት ርቀቶች በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ጻፈች፦ 12፣ 11፣ 13፣ 12፣ 34፣ 10፣ 12፣ 11።

«ስልክህን አምጣ» አለችው ለታን። «በማጉያው በኩል አንሳልኝ። አትተንፍስበት።»

ለታ ሁለት ፎቶ አነሳ። ለሦስተኛው ወርቅቱ ፊልሙን በጣቷ ጫፍ ትንሽ ስታቃናው፣ ደረቅ ቅጠል እንደተረገጠ ያለ ድምፅ ሰሙ። ፊልሙ ከሰባትና ከስምንት መካከል ለሁለት ተሰበረ። ከስምንት ጀምሮ ያለው ጥቅል እንደ ጠንካራ ጎማ አንድ ሆኖ ተጣብቋል፤ ከእንግዲህ ማንም አይከፍተውም።

መሪጌታ አማተቡ።

ወርቅቱ የተሰበረውን ቁራጭ በሁለት ንጹሕ መስታወት መካከል አድርጋ ዳርና ዳሩን በፕላስተር አሰረችው። ሰዓቱ ሰባት ሆኗል።

*

የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው መዝገቡን ያነባሉ። ወንደሰን ከጠበቃው አጠገብ ተቀምጧል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተረጋጋ ፊት። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተዘግቷል።

«ፖሊስ የሥዕሉን ፎቶግራፍ አቀርባለሁ ብሎ ነበር» አሉ ዳኛዋ።

ቡልቻ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ የሥዕሉ ፎቶግራፍ የለንም። ያለን የመጋረጃው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ያስረዳሉ።»

የወንደሰን ጠበቃ ጮክ ብሎ ሳቀ። «የመጋረጃ ፎቶ! ነገ ደግሞ የበሩን ፎቶ ያመጣሉ።»

ወርቅቱ ተነሣች። ካርዱ ስህተት እንደሆነ፣ ስህተቱም የእሷ እንደሆነ፣ ፊልሙም ተኮማትሮ እንደተሰበረ አስቀድማ ተናገረች። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩአት።

«ታዲያ አሁን የምትይውን ለምን እናምናለን?»

«በቃሌ እንዲያምኑኝ አይደለም የመጣሁት፣ ክብርት ዳኛ። የመጽሐፉን የሥዕል ገጽ ገልጬ አላየሁም። ይህች ወረቀት ላይ ስምንት ቁጥር አለ። ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት በተነሣው ፊልም ላይ በሚታዩት ዘጠኝ ስፌቶች መካከል የለካሁት ርቀት ነው። መጽሐፉ ከመገለጡ በፊት እርስዎ ይያዙልኝ። ከዚያ ሌላ ሰው ይለካ።»

ዳኛዋ ወረቀቱን ተቀብለው ሳያነቡ ከመዶሻቸው ሥር አደረጉት።

«ፊልሙ ተኮማትሯል ብላለች ራሷ» አለ ጠበቃው። «የተኮማተረ ነገር እንዴት ይለካል?»

«ማስመሪያውም አብሮ ተኮማትሯል» አለች ወርቅቱ። «የለካሁት በእሱ ነው።»

ዳኛዋ ወደ ወንደሰን ዞሩ። «መጽሐፉ መጋረጃ ነበረው?»

«አልነበረውም። ቤት ውስጥ ያለ መጽሐፍ መጋረጃ ምን ያደርግለታል?»

«ይገለጥ።»

ቡልቻ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈታ። ብራናውን ለመግለጥ ግን እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ደፍሮ አልነካውም። ዳኛዋ መሪጌታን አዩ።

«አባ፣ እርስዎ ይግለጡት።»

ሽማግሌው ቀርበው ሽፋኑን ገለጡ። ሥዕሉ ወጣ፤ ቀይና ሰማያዊ፣ ፊቷ ወደ ልጇ ያዘነበለች ሴት። የመሪጌታ ቀኝ እጅ ወደ ገጹ አናት ሄደ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው የሌለ ጨርቅ ያዙ፣ ቀስ ብለውም ወደ ላይ አነሱት። ከዚያ ያደረጉትን አወቁና እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አየ፤ ወንደሰንም አየ፣ ዓይኑንም ወደ መስኮቱ መለሰ።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ማስመሪያና ማጉያ ይዛ ጎንበስ አለች።

«ቀዳዳ አለ» አለች። ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ። «አንድ፣ ሁለት…» በእያንዳንዱ መካከል እየለካች ትጠራለች፤ ዳኛዋ ወረቀቱን አውጥተው ይከታተላሉ። «አሥራ ሁለት። አሥራ አንድ። አሥራ ሦስት። አሥራ ሁለት። እዚህ ላይ ብራናው ድሮ ተቀዶ የተሰፋበት አለ፤ የሚቀጥለው ቀዳዳ ከእሱ ወዲያ ነው… ሠላሳ አራት። አሥር። አሥራ ሁለት።»

ማስመሪያውን አነሳች።

«ቀጥይ» አሉ ዳኛዋ።

«አለቀ፣ ክብርት ዳኛ። ስምንት ቀዳዳ ነው።»

ወርቅቱ ስፌቶቹን በልቧ መልሳ ቆጠረች። ዘጠኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆጥራለች።

«ስምንት!» አለ ጠበቃው ተነሥቶ። «ዘጠኝ ስፌት ብላለች፤ ስምንት ቀዳዳ ነው። እንግዲህ ሌላ መጽሐፍ ነው። የድሮ ብራና ሁሉ ቀዳዳ አለው፤ ምስጥም ይበሳዋል።»

«ምስጥ በማስመሪያ አይበሳም» አለ ቡልቻ።

«ዝም በሉ» አሉ ዳኛዋ። ወርቅቱን አዩ። «ምን ትያለሽ?»

ወርቅቱ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች፤ መጽሐፉን አልነካችም። የቀኙን ጥግ አየች። የመልአኩ ክንፍ ጫፍ እስከ ገጹ አናት ይደርሳል፤ ሰማያዊው እዚያ ላይ ከሌላው ክንፍ ትንሽ የበለጠ ያብረቀርቃል። የሚያብረቀርቅ ነገር አዲስ ነው። ከፊት ያለውን የሚያሳምር ሰው ደግሞ ጀርባውን አያስብም።

«ገጹ ይገልበጥ» አለች። «በጀርባው በኩል ይታይ።»

መሪጌታ ቅጠሉን ይዘው አገላበጡት። ድሮ እንደሚያደርጉት በሁለት መዳፍ፣ ሳያጥፉ፣ ብርሃን እንዲያልፍበት አቁመው ያዙት። ጸሐፊዋ ጎንበስ አለች። ለብዙ ጊዜ ጎንበስ ብላ ቆየች።

«እዚህ አለ» አለች በመጨረሻ። «ከፊት በቀለም ተደፍኗል። ከኋላ ክሩ እንኳ ቀርቷል፤ ቁራጭ ክር አለ።» ማስመሪያውን አስጠጋች። «አሥራ አንድ።»

ዳኛዋ ወረቀቱን አንብበው ለጠበቃው አቀበሉት። ጠበቃው አነበበው፤ ለደንበኛው ግን አላቀበለውም። ወንደሰን የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ መልሶ አሰረ።

ትእዛዙ አጭር ነበር። መጽሐፉ ለወንደሰን አይመለስም፤ በፖሊስ እጅ ቆይቶ፣ መዝገቡ ሲዘጋ ለጉሬ ኪዳነ ምሕረት ይሰጥ፤ ፖሊስ በወንደሰን ላይ ምርመራውን ይቀጥል። ቡልቻ ኮፍያውን አጠለቀና በወርቅቱ ጆሮ «ጋሪዳ፣ አዴ» ብሎ በኦሮምኛ አደነቃት፤ ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። መሪጌታ ደረጃው ላይ አስቆሟት።

«ልጄ፣ ያ ፊልም… በእኔ ጥፋት ነው የተሰበረው።»

«በዕድሜው ነው፣ አባቴ።»

«ያን መጋረጃ በጊዜው ባነሳው ኖሮ ግን…»

«ሥዕሉ በታየ። ቀላል በሆነ ነበር» አለች። ልታጽናናቸው ብላ መዋሸት አልፈለገችም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እውነቱ ያቀለላቸው ይመስላሉ።

«መጽሐፉ ሲመለስ አዲስ መጋረጃ እንሰፋለን» አሉ። «በዚያው ቀዳዳ። ትመጫለሽ?»

«ሲሰፋ እንድቆጥር?»

«እንድትቆጥሪ።»

*

ለታ ክፍሉን አልዘጋም ነበር። የአቼቶው ሽታ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ከጠረጴዛው አጠገብ ሁለት ባዶ ካርቶን አስቀምጦ ጠበቃት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሚሸቱትን ካልሸተቱት እንለያቸው ብዬ ነው። አንዱ ሌላውን ያበላሻል አላልሽም? ክፍሉን ግን አሁንም እፈልገዋለሁ።»

«አሁንም አታገኘውም።»

ተቀመጠች። የጥቅል 14ን ካርድ አውጥታ ከፊቷ አደረገች። «የእመቤታችን ሥዕል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ እንዳይነበብ አድርጋ አላጠፋችውም። ከጎኑ ጻፈች፦ «መጋረጃ፤ ዘጠኝ ስፌት። ከምስል 8 ጀምሮ አይከፈትም።» በመጨረሻው ዓምድ ካለው «ታይቷል» ሥር የዛሬን ቀን ጨመረች።

ከዚያ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ሳበችው። በዚያው ብዕር፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ «ታይቷል» የተባሉ አርባ ሰባት ካርዶች አሉ። ጓንቷን እንደገና አደረገች።

«ጥቅል 13ን አምጣልኝ» አለችው ለታን። «ቀስ ብለህ።»